ጠቅ ብሎ ዝም ያለ ሞተር

የተቃጠለ ካርቦን የራሱ ሽታ አለው። ቤንዚን ቶሎ ይጠፋል፤ ይህ ግን አፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ካምፓላ ውስጥ፣ ቻግዌ ጎዳና ላይ፣ ከኪሴካ ገበያ አጠገብ አንድ ወጣት መካኒክ የሞተር ሳይክል ሞተሪኖ፣ የኤሌክትሪክ ማስነሻውን፣ ፈትቶ ጥቁር ዱቄቱን ካርቶን ላይ ያራግፋል። በማዶ ያልፍ የነበረ ኢትዮጵያዊ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቀዩ አፈር እርጥብ ነው፤ ከጎን በከሰል ምድጃ ላይ ቻፓቲ ይጠበሳል። ካርቦኑ፣ አፈሩና ዘይቱ አንድ ላይ ሲመጡበት ሰውየው የሚሄድበትን ጉዳይ ረስቶ የወጣቱን እጅ ሲያይ ቆየ።

የደሴ ልጅ ነው። ዛሬ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ካምፓላ የመጣውም ዘመድ ሊጠይቅ ነው። ወጣትነቱን የጨረሰው ግን እዚህ ነው። በሞያሌ ወጥቶ፣ ናይሮቢን አልፎ፣ በቡሲያ ኬላ ገብቶ፣ እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ካባላጋላ ከተመ። ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወደ ጋባ የሚወርደው መንገድ ካባላጋላንና ካንሳንጋን ያቋርጣል። በዚያ መስመር የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ጠዋት የሚቆላው ቡና ቦዳ ቦዳ ከሚባሉት ሰው ጫኝ ሞተር ሳይክሎች ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ሰውየው ይዞት የመጣው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ደሴ ጋራዥ ውስጥ የለመደው የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ።

ቦዳ ቦዳ የተወለደው ካምፓላ አይደለም። የጀመሩት በኬንያና በኡጋንዳ ወሰን፣ በዚያው በቡሲያ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰውና ጭነት ከኬላ ወደ ኬላ ያመላልሱ የነበሩ ብስክሌተኞች ናቸው። በ1990ዎቹ ሞተር ሳይክል የብስክሌቱን ቦታ እየወሰደ መጣ፤ ቆይቶም የሕንዱ የባጃጅ ኩባንያ ቦክሰር የተባለው ሞተር ከተማውን ሞላው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያን ኩባንያ የምናውቀው በባለሦስት እግሩ ነው፤ ካምፓላ የምትጓዘው በሁለት እግሩ ላይ ነው። ለገጠር መንገድ የሚሆን፣ ቤንዚን የሚቆጥብ፣ መለዋወጫው በየመንደሩ የሚገኝ ሞተር ነው። ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ በእግር የሚረገጥ ማስነሻም፣ መሪው ላይ የሚጫን ቁልፍም አላቸው። ሰውየው የኖረው በዚያች ቁልፍ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የካባላጋላው የቦዳ መቆሚያ፣ ስቴጁ፣ ገና ጨለማ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው ዝናብ ሌሊቱን ወርዶ ካደረ፣ ሞተሮቹ ላይ የተደፋው ላስቲክ ሲገለጥ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ቁልፉን ይጫናሉ። አንዱ ወዲያው ይነሳል። ሌላው ጠቅ ይልና ዝም ይላል። የብዙ ቦዳ ነጂ ሞተር የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ሒሳብ ማስገባት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች፣ ወደ ኦዊኖ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች፣ ካመለጡት ቀኑን ሙሉ ሲያሳድደው ይውላል። ስለዚህ ይረግጣል። ደጋግሞ ይረግጣል። ላብ በላብ ሆኖ ሲነሳለት ማርሚታው አንድ ጊዜ ያስላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሞተሩን ማጥፋት ይፈራል። ርግጫውን ሸሽቶ ቤንዚን ያቃጥላል።

ሰውየውን ያስተማሩት የካትዌ ሰው ናቸው። ካትዌ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር ነው፤ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ብረት የሚበየድበት፣ የተጣለ ዕቃ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እስያውያኑን በ90 ቀናት ውስጥ ከአገር ሲያስወጣ፣ መለዋወጫ የሚያስመጡት ሱቆች ባለቤት አልባ ሆኑ። ያኔ የሚገዛ ነገር ጠፋ፤ ካትዌ ግን መሥራት ያዘ። አዛውንቱ በዚያ ዘመን ያደጉ መካኒክ ነበሩ። አዲስ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ለእሳቸው የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም በእሳቸው ወጣትነት ያ አማራጭ ጭራሽ አልነበረም። ሰውየው ሙዜ ይላቸው ነበር፤ የአገሩ ሰው ታላቁን እንደሚጠራው።

ሙዜ ካቻቪቴ ከመያዛቸው በፊት ይሰሙ ነበር። ሞተር የመጣለት ሰው ሁሉ ብሎን ለመፍታት ይቸኩላል፤ እሳቸው ነጂውን አንዴ ተጫን ይሉታል፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ባትሪው ጨርሶ ሳይሞት ምንም ድምፅ ካልመጣ፣ ጥፋቱ ከቁልፉ በኩል ነው። ቁልፉ ራሱ፣ ባልቦላው፣ ፍሪሲዮኑ ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወይም ማርሹ ነፃ መሆኑን የምትናገረው ሌላይቱ። ከእነዚህ አንዷ ካላለፈች ትእዛዙ ሬሌው ዘንድ አይደርስም። ሞተሪኖው እየተንፏቀቀ ከዞረ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ሞተሪኖው ውስጥ የሚይዘው ነገር አለ። ሞተሪኖው እየጮኸ ዞሮ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ በሁለቱ መካከል ያለው በአንድ ወገን ብቻ የሚይዘው ማያያዣ አልቋል፤ ሮለሮቹ መንሸራተት ጀምረዋል፤ ሽቦ ቢነካኩ አይድንም፣ ሽፋኑ መከፈት አለበት። ሞተሩ እየዞረ እሳት ካልያዘ ደግሞ ሞተሪኖውን አትንኩ ይላሉ፤ ሥራውን ጨርሷልና፣ ነገሩ የካንዴላ ወይም የቤንዚን ነው።

ጠቅ ብሎ ዝም የሚለው ከሁሉም ያስቸግራል። ያቺ ድምፅ የሬሌው ናት። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ሄዳ ሬሌው ውስጥ ያለውን ብረት ትስባለች፤ ብረቱ ሄዶ ሁለት የመዳብ ጫፎችን ያገናኛል፤ በእነሱ በኩል ሞተሪኖውን የሚያዞረው ትልቁ ኤሌክትሪክ ያልፋል። በዚህ ቅጽበት የሚያልፈው በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ነው፤ መጠኑ ከአንድ ዳቦ ከማይበልጥ ባትሪ። ጠቅታ ተሰማ ማለት ትእዛዙ ደርሷል፤ ጉልበቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት ቀረ? የሙያው ልብ ይህ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚጠፋውም ይህን ጥያቄ ዘሎ ዕቃ በመግዛት ነው።

ሰውየው ከሁሉ አጥብቆ የሚያስታውሰው አንድ የዝናብ ማለዳ ነው። ነጂው አዲስ ባትሪ ገዝቶ አስገጥሟል፤ ጠቅታው ግን አልለቀቀውም። አሁን ሞተሪኖ ሊገዛ ገንዘብ እየተበደረ ነው። «ሙዜ፣ ሞተሪኖው ሞቷል» አላቸው።

«ማን ነገረህ?» አሉት። «ሁሉም።»

አዛውንቱ ክላክሱን አስነፉት። ክላክሱ ጮኸ። «አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ተጫን» አሉ። ቁልፉ ሲጫን የክላክሱ ድምፅ ሰለለና ታፈነ፤ ማርሹ ነፃ መሆኑን የምታሳየው አረንጓዴ መብራትም ድርግም አለች። እንዲህ ባሉ ትናንሽ ሞተሮች የብዙዎቹ የፊት መብራት የሚበራው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ስለሆነ፣ ሙዜ የሚያዩት አረንጓዴዋን ነበር። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ምሰሶዎች ላይ አደረጉ። 12.7 ቮልት። ተጫን አሉት። ቁጥሩ ብዙም አልወረደም።

ለዚያ ወጣት ኢትዮጵያዊ ይህ እንቆቅልሽ ነበር። ባትሪው ደካማ ቢሆን ኖሮ ሲጫን ቁጥሩ ከ10 ቮልት በታች ይወርድ ነበር። አልወረደም። መብራቷ ግን ጠፋች። ታዲያ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ መብራት እንዴት ይጠፋል? ሙዜ መልሱን አልነገሩትም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ እንደያዙ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ገላ ላይ፣ ባዶ ብረት ላይ አሳረፉ፤ እንደገና አስጫኑት። እዚያ መካከል የግማሽ ቮልት ያህል እንኳ መታየት አልነበረበትም፤ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ገላ የሚሄደው አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ ነውና። ቴስተሩ ግን ቮልት በቮልት ላይ ቆጠረ።

ጥፋቱ ማሳው ነበር፤ ኔጋቲቩ ገላው ላይ የሚያርፍበት መጋጠሚያ። ከኮርቻው ሥር፣ ጭቃ በሚጥልበት ጥግ፣ ኔጋቲቩ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው። ሲፈታ ግን የሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮበታል፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ዝገት። ሙዜ ብረቱን ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ የሽቦውን ጫፍም እንደዚያው፤ አጥብቀው አሰሩ፣ ላዩን ውሃ እንዳይገባው ግራሶ ቀቡት። ነጂው ቁልፉን ነካ ሲያደርግ ሞተሩ ተነሳ። ሰውየው ዛሬም ያን ቅጽበት ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። የነጂው ፊት፣ ተበድሮ ሊከፍለው የነበረው ገንዘብ፣ የሙዜ ጣት ላይ የቀረው አረንጓዴ ዱቄት፤ ሁሉም አሁን የሆነ ያህል ይታዩታል።

ሞተሪኖው ራሱ የሚታመምበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ያ ሽታ የሚመጣውም ያኔ ነው። ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ሲወጡ ሽፋኑ ይከፈታል፤ ውስጡ የካርቦን ጥቀርሻ ሞልቷል። ሁለቱ ካርቦኖች በስፕሪንግ እየተገፉ የሚሽከረከረውን የመዳብ ቀለበት ይነካሉ፤ ቀን በቀን ይበላሉ፣ ሲያጥሩ ስፕሪንጉ አይደርስባቸውም፣ ንክኪው ይላላል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ መዳቡን ያጠቁረዋል። ሙዜ መዳቡን በስስ የብርጭቆ ወረቀት ያጸዱና በየመዳቡ መካከል ያለውን ጉድጓድ በተሰበረ የመጋዝ ምላጭ ጫፍ ይጠርጉ ነበር፤ ዱቄቱ እዚያ ተሞልቶ አንዱን መዳብ ከሌላው እንዳያገናኝ። ልኩ የሆነ ካርቦን ካልተገኘ ከትልቅ ሞተር የወጣ ይፈለጋል፤ በሞረድ እየተሞረደ ልኩን ይይዛል፤ የሽቦው ጫፍ በስታኞ ይበየዳል። መበየጃው የመዳብ ብረት የሚግለው ከጎን ባለው የከሰል ምድጃ ላይ ነበር፤ ምሳ በሚበስልበት በዚያው ምድጃ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እነዚህን ነገሮች ሲማር፣ ሰውየው ደጋግሞ ልጅነቱን ያስብ ነበር። በደርግ ዘመን የግብርና ባለሙያው በያማሃ ዶቅዶቄ ወደ ሰፈራቸው ሲመጣ ሕፃናቱ ከኋላው ይሮጣሉ። ያ ሞተር የሚነሳው በእግር ነበር። ባለሙያው ቆሞ፣ ፔዳሉን በጫማው እየፈለገ፣ ሰውነቱን ሁሉ ሲጥልበት ማየት ለልጆቹ ትርኢት ነው። በቁልፍ የሚነሳ ሞተር ያኔ አላዩም።

ቁልፉ ራሱ ብዙ ዘመን የፈጀ ነገር ነው። መኪኖች መጀመሪያ የሚነሱት ከፊት በሚገባ ማኖቤላ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ ይሰብራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ገባ። ወዲያው በ1914 ኢንዲያን የተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ሄንዲ ስፔሻል በሚባለው ሞተሩ ላይ ሞከረው፤ የዘመኑ ባትሪ ግን የሞተር ሳይክልን መንገጫገጭ አልቻለም፣ ነገሩ በአጭሩ ቀረ። ሞተር ሳይክል በቁልፍ መነሳት የለመደው ጃፓናውያኑ፣ በተለይ ሆንዳ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ትናንሾቹ ሞተሮቻቸው ላይ ሲያስገቡት ነው። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ቁልፉን ለትልልቆቹም አስለመደ። ከኢንዲያን ውድቀት እስከ ካባላጋላ ማለዳ ድረስ ደካማው ቦታ አልተለወጠም። የሚያንሰው ወይ ባትሪው ነው ወይ ከባትሪው የሚወጣው መንገድ፤ ሞተሪኖው ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በሌላው ጥፋት ነው።

አሁን የቆመበት ኪሴካ ድሮ የሚያውቀው ኪሴካ አይደለም። የጣውላና የቆርቆሮ ሱቆቹ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ወጣቱ መካኒክ አጠገብ የተቀመጠው ቴስተር ከሙዜው ይሻላል፤ ስልኩ ላይ የሞተሩን የሽቦ ሥዕል ከፍቶ ያያል። ሰውየው ቀረብ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ የሞተሪኖውን መዳብ አይቶ ጉድጓዶቹ መጠረግ እንዳለባቸው ነገረው። ወጣቱ ቀና ብሎ አየው። «እሺ ሙዜ» አለው። ያ ቃል ወደ እሱ ሲመጣ ሰውየው ትንሽ ዝም አለ።

በአጠገባቸው ድምፅ የሌለው ሞተር አለፈ። ካምፓላ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ቦዳዎች መጥተዋል፤ ዜምቦና ጎጎ የመሳሰሉ ኩባንያዎች ያቀርቧቸዋል። ነጂው ባትሪው ሲያልቅበት መቀየሪያ ጣቢያ ገብቶ ባዶውን ይሰጣል፣ የሞላውን ያስገባል፣ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከነጭ ዓባይ ውሃ የሚመነጭ ነው፤ 600 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የካሩማ ግድብ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ሞተሪኖ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የማለዳው ርግጫ ቀርቷል፤ ለነጂው ጉልበትም ለከተማው አየርም መልካም ነው፤ ይህን አለማመስገን ሐቅ መካድ ነው። ኢትዮጵያም በዚያው አቅጣጫ እየሄደች ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። የድሮው ሞተር ለማንም ክፍት ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ከሙዜ ጎን ቁጭ ብሎ፣ አንድ ካቻቪቴ ይዞ፣ የኤሌክትሪክን ሥራ እስከ ሥሩ ይማር ነበር። በኪራይ የሚቀየረው ባትሪ ግን የኩባንያው ንብረት ነው፤ የታሸገ ነው፣ መንገድ ላይ አይከፈትም። ብልሽቱ ግን ዝምድናው አልራቀም። እዚያም ብዙ አምፔር በአንድ መጋጠሚያ ያልፋል፤ መጋጠሚያው ከላላ ወይም ከዛገ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል። ሙዜ በማሳው ላይ ያደረጉትን መለኪያ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያገኘዋል። ያን የሚያውቁት ብዙዎቹ ግን አርጅተዋል፤ እውቀታቸው ያለው በጆሯቸውና በጣታቸው ላይ ነው፣ ወረቀት ላይ አይደለም። በካምፓላ፣ በናይሮቢ፣ በጁባ ጋራዦች የኖሩ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች የሚያውቁትን ቢጽፉት፣ መጻፍ የሚከብዳቸውም በልጆቻቸው ስልክ ድምፃቸውን ቢቀዱት፣ ለአገር ቤት ወጣት ትልቅ ስንቅ ነው።

እስከዚያው ግን በገጠር ከተማም ይሁን በጠረፍ፣ በቤንዚን ሞተር የምትሠሩ ሁሉ ይህችን ያዙ። ቁልፉን ስትጫኑ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ለሞተሪኖ ብር ከመበደራችሁ በፊት ከኮርቻው ሥር የማሳውን ብሎን ፈታችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃል።